ሚጥሚጣን ይዘን ሴዶና የሄድን ዕለት

ሚጥሚጣ ውሻችን ናት። ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከመጠለያ ባመጣናት ቀን ልጄ ወጥ ቤት ገብታ የሚጥሚጣውን ብልቃጥ አመጣችና ከውሻዋ ጀርባ ጋር አስጠግታ አየችው። "አባ፣ እየው፣ አንድ ነው" አለችኝ። እውነትም ቀለሙ አንድ ነበር። ምን ዘር እንደሆነች መጠለያው ውስጥም በትክክል የሚያውቅ አልነበረም፤ ለእኔ ግን ቁርጥ የአገር ቤት ውሻ ናት፦ አጭር ጸጉር፣ ቀጭን ወገብ፣ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ጆሮ።

እናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ "እቤት ውስጥ? ዕጣን በሚጨስበት ቤት?" አለችኝ። እኔም ያደግኩት እንደዚያው ነው፤ ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ደጃፍ አያልፍም። አሁን ግን የልጅ ልጇን ደኅንነት ከጠየቀች በኋላ "ያቺስ?" ትላለች። በስሟ አትጠራትም፣ ግን ሳትጠይቅ ስልኩን አትዘጋም።

የምንኖረው ፊኒክስ፣ አሪዞና ነው። እዚህ ውሻ መያዝ ማለት ከፀሐይ ጋር ሲደራደሩ መኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሐምሌ ላይ የቀኑ ሙቀት ለ31 ተከታታይ ቀናት 43 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ደርሷል። ከተማው ሙቀቱ 100 ፋራናይት፣ ማለትም 38 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውሻ ይዞ በተራራ መንገዶቹ ላይ መሄድን ደንብ አውጥቶ ከልክሏል። በበጋው ሚጥሚጣን የማስወጣት ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ቤት ውስጥ ናት። ስለዚህ ሙቀቱ ሳይመጣ በሚያዝያ አንዱን ቅዳሜ ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ልንወስዳት ተነሣን። ባለቤቴ ሥራ ነበረች፤ እኔ፣ ልጄና ሚጥሚጣ ሆንን።

ሁዳዴ ስለነበር ስንቃችን ቀላል ነው፦ ዳቦ ቆሎ፣ ብርቱካንና በፌስታል የተጠቀለለ ሽሮ ፍትፍት። የሚጥሚጣ ስንቅ ከእኛ ይበዛል። ሁለት ጋሎን ውሃ፣ የምትጠጣበት ሳህን፣ ፎጣ፣ ደግሞም ሚዶ። ሚዶውን የሚያይ ሰው ጸጉር ልናበጥር ይመስለዋል። እዚህ በረሃ ውስጥ ቾያ የሚሉት ቁልቋል አለ፤ ነካ ሲያደርጉት ቁራጩ ተገንጥሎ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። በእጅ ከነኩት እጅም ላይ ይያዛል። ሚዶውን ከሥሩ አስገብቶ በአንዴ መንጭቆ መጣል ነው። ይህን ያስተማረኝ አብሮኝ የሚሠራ የሜክሲኮ ሰው ነው፤ እሱ እንዳለኝ ሚዶ ሳይዙ ከውሻ ጋር በረሃ መግባት ክብሪት ሳይዙ ማገዶ እንደ መሸከም ነው።

ሴዶና ከፊኒክስ በስተሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ትርቃለች። መንገዱ፣ አይ-17፣ ሽቅብ ነው። ከፊኒክስ እንደወጡ ዳገቱ ሁሉ ሳጓሮ ነው፤ ያ ክንዶቹን ወደ ሰማይ የዘረጋው ረጅም ቁልቋል። ልጄ መቁጠር ጀምራ መቶ ከምናምን ላይ ጠፋባት። ከፍ እያልን ስንሄድ ሳጓሮው ሳሳ፣ በኋላም ጭራሽ አለቀ፤ ብርድ ስለማይችል ከፍታውን አያልፍም። ከወይና ደጋ ወደ ቆላ ሲወርዱ ዛፉ ሲለዋወጥ እያየ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነብኝ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ስከፍትላት ሚጥሚጣ አፍንጫዋን ለነፋሱ ሰጥታ ዓይኗን ጨፈን ማድረጓ ነው።

ከዚያ ወደ ቨርዴ ሸለቆ ቁልቁል ይወረዳል። ካምፕ ቨርዴን ስናልፍ ለልጄ አንድ ታሪክ ነገርኳት፤ ለሽርሽር የሚመች ታሪክ አይደለም፣ ግን ወደሚያምር ቦታ ስሄድ የማን አገር እንደነበረ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1875 ፌብሩዋሪ፣ በክረምቱ ብርድ፣ 1,500 የሚሆኑ የያቫፓይና የአፓቼ ሰዎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ከዚህ ሸለቆ ተነቅለው 290 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሳን ካርሎስ በእግር ተነዱ። ሕፃን ያዘለች አለች፣ አሮጊት ሚስቱን የተሸከመ ሽማግሌ አለ፤ ብዙዎች በመንገድ ቀሩ። ከዓመታት በኋላ ጥቂቶቹ ተመለሱ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው ሸለቆ ውስጥ አሉ። ልጄ ትንሽ ቆይታ "ውሾቻቸውስ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከአይ-17 ወጥተን ወደ 179 እንደታጠፍን ቀዩ ድንጋይ ብቅ አለ። በፎቶ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ፎቶው ግን ውሸታም ነው፣ አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ቤል ሮክ እንደ ደወል ቆሟል፤ ከአጠገቡ ኮርትሃውስ፣ ራቅ ብሎ ካቴድራል ሮክ። ቀይነቱ ብረት ነው፤ የአሸዋ ድንጋዩን ቅንጣት የሸፈነ ዝገት። ገርዓልታን በእግሩ የረገጠ ሰው እዚህ ቆሞ ልቡ መንታ መሆኑ አይቀርም። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ሄጃለሁ። ያ ቋጥኝ ውስጥ ጸሎት ቤት ተፈልፍሎበታል፤ እዚህ ደግሞ ከመንገዱ ወደ ቀኝ ቀና ሲሉ በቀይ ቋጥኝ መሐል የተገነባ የካቶሊኮች ጸሎት ቤት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የተጠናቀቀ። ማርገሪት ስቶድ የምትባል ቀራፂ ናት ያሠራችው። ልገባ ተመኝቼ ነበር። ግን ውሻ ይዤ ወደ ጸሎት ቤት ቅጥር መጠጋት እኔ ባደግኩበት ሥርዓት የሚታሰብ አይደለም፤ ሚጥሚጣን መኪና ውስጥ ትቶ መግባትም አይታሰብም። ልጄን በመስኮት አሳየኋት፣ አማተብንና አለፍን።

አለፍን ስል ግን መኪናው ይንቀሳቀስ ነበር ማለቴ አይደለም። ሴዶና 10,000 የማይሞላ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት፤ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ገደማ ጎብኚ ይመጣባታል። ያ ሁሉ ሰው የሚገባው በሁለት ቀጭን መንገድ ነው፣ በ179 እና በ89ኤ፤ አደባባይ ከአደባባይ ይከተላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ድረሱ ተብለን ነበር። እኛ ደግሞ ቁርስ፣ ቤንዚን፣ "ሽንቴ መጣ" እያልን የደረስነው ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። የቤል ሮክ ፓርኪንግ ሞልቷል። የሚቀጥለውም ሞልቷል። የካቴድራል ሮክ ፓርኪንግ ደግሞ ነጻ አውቶቡሱ በሚሠራባቸው ቀናት ጭራሽ ዝግ ነው፤ አውቶቡሱን ከተማው በ2022 የጀመረው ይህንኑ ጭንቅንቅ ለማቅለል ነው። መንገድ ዳር እንደምንም የቆሙ መኪኖች መስመር አያልቅም። ልጄ "ለቀዩ ድንጋይ ሰልፍ ነው?" አለችኝ። አዎ፣ ሰልፍ ነው አልኳት።

ልክ እዚያ ጋ ሐሳቤን ለወጥኩ። ተራራ መውጣቱን ተውኩት። መሐል ከተማው ውስጥ ከፍለን አቆምንና በእግር ለመዞር ወሰንን።

ውሻ ይዞ በተጨናነቀ ከተማ መሄድ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ይቸገራል ብሎ ያስባል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሱቅ እንደልብ አትገባም። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ገብቶ አንዱ በር ላይ ይቆያል። እኔ ደግሞ ያለሁት ከስምንት ዓመት ልጅ ጋር ስለሆነ ብቻዋን ልልካት አልችልም። ስለዚህ ያን ሁሉ ክሪስታል የሚሸጥበትን፣ በቀይ አፈር የተነከረ ቲሸርት የሚሰቀልበትን ቤት ከውጭ ነው ያየነው። አንድ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ሮዝ ጂፖች ቱሪስት ጭነው ይመላለሳሉ። ብዙዎቹ ሱቆች በራቸው ላይ ለውሻ ውሃ በሳህን አስቀምጠዋል፤ ሚጥሚጣ ከእያንዳንዱ እየቀመሰች ነው የመጣችው።

እና ሰዎች ይቆሙ ጀመር።

ይህን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። አሪዞና ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በመጋዘን ነው የምሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ስሜ ደረቴ ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያ ተጽፏል፤ የሚፈልገኝ አንብቦ ይጠራኛል፣ እንዳሻው አድርጎ። በዚህ ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ ቆሞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ስም የጠየቀኝ የማላውቀው ሰው ትዝ አይለኝም። ያን ቅዳሜ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ሰው ቢሆን ነው ቆሞ የጠየቀን። የጠየቁት የእሷን ስም ነው። ቢሆንም ቆመዋል።

"ሚጥሚጣ" ትላለች ልጄ። "ሚት... ምን?" ይላሉ። እሷ ደግሞ ታስተምራለች። ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይለጠፍና ትንፋሽ ተይዞ ድንገት ይለቀቃል፤ ጥ። ካንሳስ የመጡ አንዲት አሮጊት ሦስቴ ሞክረው በአራተኛው ተሳካላቸውና እጃቸውን አጨበጨቡ። ቀጥለው ትርጉሙን ጠየቁ፤ የበርበሬ ዓይነት ነው፣ የሚያቃጥል፣ ከኢትዮጵያ ነው አለቻቸው። ከዚያ ስለ ኢትዮጵያ ጠየቁኝ። እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ እናትህ የት ናቸው፣ ስንት ጊዜ ታያቸዋለህ የሚል። እናቴን ካየኋት አራት ዓመት እንዳለፈ ለእኒያ ሴትዮ ነው የተናገርኩት። ለሥራ ባልደረቦቼ ተናግሬው አላውቅም። ሚጥሚጣ ይህን ጊዜ ሁሉ አገጯን የሴትዮዋ ጫማ ላይ አስደግፋ ተኝታ ነበር።

የከተማዋ ስም ራሱ የሴት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ፖስታ ቤት ሲከፈት ካርል ሽነብሊ የሚባለው ሰፋሪ ያቀረባቸው ስሞች ለማኅተሙ ረዘሙ ተባለ፤ ወንድሙ በሚስትህ ስም ለምን አትጠራውም አለው። ሚስቱ ሴዶና ነበረች። ስሙን እናቷ ደስ ስላላት ብቻ የፈጠረችው ነው ይባላል። ይህን ለልጄ ስነግራት "እንደ ሚጥሚጣ!" አለች።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ወደ መኪናችን ተመለስን። አየሩ ደስ ይላል፣ 26 ዲግሪ ቢሆን ነው፣ ነፋስ አለ። ሴዶና ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የፊኒክስ ሰው ሲመጣ ይቀዘቅዘዋል። ያ ነው ያታለለኝ። ፊኒክስ ብሆን ኖሮ ገና ከጥላው ሳልወጣ የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጌ እስከ ሰባት እቆጥር ነበር፤ መያዝ ካቃተኝ ለእሷም አይሆንም። ዘወትር የማደርገው ነው። ያን ቀን ነፋሱ ፊቴን ሲያቀዘቅዘኝ ረሳሁት። አየሩ 25 ዲግሪ ሲሆን ፀሐይ የዋለበት ጥቁር አስፋልት 50 ሊያልፍ ይችላል። ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ጫማም የለውም።

ፓርኪንጉን ግማሽ እንዳቋረጥን ልጄ "አባ፣ ሚጥሚጣ እየጨፈረች ነው" አለችኝ። ዞሬ አየሁ። ጭፈራ አልነበረም። አንዱን እግሯን ታነሣለች፣ ታወርዳለች፣ ሌላውን ታነሣለች። አልጮኸችም። አልጎተተችኝም። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኝቶ ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች። ገመዱ እኔ እጅ ነው፤ እኔ ካልሄድኩ አትሄድም።

አነሣኋት። 20 ኪሎ ገደማ ናት፤ ደረቴ ላይ ይዤያት ሮጥኩ። ጥላ ስር ሳደርሳት አንዲት ሴት ከመኪናዋ ወርዳ የያዘችውን ሙሉ ጠርሙስ ውሃ እግሯ ላይ አፈሰሰችላት፤ ምንም ሳትጠይቅ፣ ምንም ሳትወቅሰኝ። ተንበርክኬ ውስጥ እግሯን አንድ በአንድ ገልብጬ አየሁ። ጥቁሩ ቆዳ መሐሉ ላይ ቀላ ብሏል፣ አልተላጠም፣ አላበጠም። የኋላ ግራ እግሯን ስነካ ሳብ አደረገችው። ፎጣውን በውሃ ነክሬ ጠቀለልኩላት። እሷ ደግሞ እጄን ትልሳለች።

ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ ውሻ ነበረን። ስም አልነበረውም፤ ቡቺ እንለዋለን፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቡቺ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከታች መንገዱ ድረስ ይመጣልኝ ነበር። አልፎ አልፎ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት ሌሊት መርዝ የገባበት ሥጋ ይበተናል፤ ውሻ ያለው በሩን ይዝጋ ይባላል። አንድ ማታ ኳስ ተጫውቼ ስገባ በሩን ገፋ አድርጌው ነው እንጂ አልቀረቀርኩትም። ጠዋት አባቴ ቡቺን በሽቦ እየጎተተ ወደ ገደሉ ሲወስደው አየሁ። በሩን ማን ተወው ብሎ የጠየቀ የለም። ማንም አልተቆጣኝም፤ ውሻ ነው። ያን ጊዜ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ ለማንም ሳልናገረው ኖሬ ነበር፣ ሴዶና ፓርኪንግ ውስጥ ተንበርክኬ ለልጄ ነገርኳት። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ የሚጥሚጣን ጆሮ እያሻሸች ሰማችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ የእጇን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጋ መቁጠር ጀመረች። ሦስት ላይ አነሣችው።

ከዚያ በኋላ ወዴት እንሂድ ማለት ቀረ፤ የሚቀዘቅዝ መሬት ፍለጋ ሆነ ጉዟችን። ኦክ ክሪክ የሚባለው ወንዝ በከተማዋ በኩል ያልፋል፤ በዚህ በረሃ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውሃ ብርቅ ነው። ከጭንቅንቁ ወጣ ብለን ወንዙ ዳር ጥላ ያለበት ቦታ አገኘን። ወደ ውሃው ተሸክሜ አወረድኳት። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ አራት እግሯን ውሃው ውስጥ አድርጋ ቆመች። ዝም ብላ ቆመች፣ አሥር ደቂቃ ይሆናል። ውሃው በእግሮቿ መሐል ሲያልፍ ቁልቁል ታየዋለች።

ዳቦ ቆሏችንን እየቆረጠምን እዚያው ዋልን። ካቴድራል ሮክን በቅርብ አላየሁም። ሰዎች ኃይል ይፈልቅበታል የሚሏቸውን፣ ቮርቴክስ ብለው የሚጠሯቸውን ቦታዎች አንዱንም አልረገጥኩም። ያየሁት ወንዙ ዳር፣ ድንጋዩ መሐል የበቀለ በለስ ነው። ቅጠሉ፣ እሾሁ፣ ጫፉ ላይ ሊፈነዳ የደረሰው እምቡጥ፣ ሁሉ ነገሩ በክረምት በባልዲ ተሞልቶ ይሸጥልን የነበረው በለስ ነው። አያቴ በቢላ ሁለቱን ጫፍ ቆርጣ፣ መሐሉን ሰንጥቃ፣ ልጣጩን ገልጣ ስትሰጠን እሾሁን አንነካም ነበር። በለስ የኛ አይደለም፤ አገሩ አሜሪካ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣልን። ይህን አውቅ ነበር፣ ግን በአገሩ ላይ በቅሎ ሳየው ሌላ ነው። ልጄን "ይሄ አያትሽ አገር አለ" አልኳት። "ማን ወሰደው?" አለችኝ። እንጃ፣ ብቻ ሄዶ በቀለ፣ ተወደደ አልኳት።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ቋጥኙ እንደ ፍም ሆነ። የሚመለሰው የመኪና ሰልፍ ከመጣንበት አይሻልም፤ እኛ ግን አልቸኮልንም። ሚጥሚጣ ጭንቅላቷን የልጄ ጭን ላይ ጥላ ተኛች፤ ካምፕ ቨርዴ ሳንደርስ ሁለቱም አንቀላፍተዋል። ሳጓሮዎቹ በጨለማ ውስጥ አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ በር ከፈተችልን። የሆነውን በአጭሩ ነገርኳት፤ ምንም ሳትናገር ሰማያዊዋን ሳፋ ለብ ባለ ውሃ ሞላች። ሚጥሚጣን ወለሉ ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ እግሯን እያነሣሁ አጠብኩ። በጣቶቿ መሐል የገባው አፈር ሲለቅ ውሃው መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ። ልጄ በፒጃማዋ መጥታ አጎነበሰችና "አባ፣ አገሩን ይዛው መጣች" አለች። የኋላ ግራ እግሯን በመጨረሻ አነሣሁት። አልሳበችውም።